ቁጥሩን የጻፈው ማነው?

ባለፈው ሰሞን ከሐራ ስልክ ተደወለልኝ። የደወለችው የጎረቤታችን ልጅ ናት። በነርስነት ተመርቃ በእርዳታ ገንዘብ በሚንቀሳቀስ አንድ የጤና ፕሮግራም ውስጥ በኮንትራት ስትሠራ ቆይታ፣ ፕሮግራሙ ሲታጠፍ እሷም ቤቷ ገብታለች። ሰላምታችን እንደ ወሎ ሰላምታ ረዘም ያለ ነበር፤ የእናቷን ጤንነት፣ የማሽላውን ነገር፣ የመንገዱን ሁኔታ ሁሉ ጠያየቅን። ከዚያ ወደ ጉዳይዋ ገባች።

«ጋሼ፣ ምክር ፈልጌ ነው የደወልኩልዎት። የጤና ጥናት መጥቶ መረጃ ሰብሳቢ እየፈለጉ ነው። ለሦስት ወር ነው አሉ። ወረቀቱን አነበብኩት፤ በቀን ስንት ሰዓት እንደምሠራ አይልም። ብታመም፣ መንገድ ላይ አንድ ነገር ብሆን ማን እንደሚያሳክመኝም አይልም። ክፍያው በሞላሁት ቅጽ ልክ ነው። ልፈርም ወይስ ይቅርብኝ?»

«እስቲ አንድ ቀን ስጪኝ» አልኳት። ይህ ጽሑፍ በዚያ አንድ ቀን ያሰብኩት ነው።

ሐራ «ፕሮጀክት» የሚለውን ቃል አሳምራ ታውቀዋለች። ከወልድያ ወደ ጭፍራና ሚሌ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለችው ይህች የቆላ ገበያ፣ ሁለት የባቡር መስመሮች እንዲገናኙባት የታቀደች ናት። አንዱ ከአዋሽ ተነስቶ በኮምቦልቻ በኩል የሚመጣው፣ ሌላው ወደ መቀሌ የሚቀጥለው ነው። የቱርኩ ያፒ መርኬዚና የቻይናው ሲሲሲሲ ሥራ ሲጀምሩ የአካባቢው ወጣት በዘበኝነት፣ በሾፌርነት፣ በቀን ሠራተኝነት ገባ። የቤት ኪራይ ጨመረ፣ ሻይ ቤቱም ምግብ ቤቱም በዛ። ከዚያ የገንዘብ ነገር መጣ፣ ሥራው ተጓተተ፤ በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. በተካሄደው ጦርነት ደግሞ የመስመሩ ንብረት ተዘረፈ። ሐራ ከዚህ የተማረችው አንድ ነገር ነው። ፕሮጀክት ሲመጣ በመኪና ይመጣል፣ ሲሄድ ግን ለማንም ሳይናገር ነው የሚሄደው። ጥያቄ ያለው ሠራተኛ የሚጠይቀውን ሰው ያጣል።

የጤና ጥናትም ፕሮጀክት ነው። ሆኖም ከባቡሩ የሚለይበት ነገር አለ። ሐዲድ ሲጣመም ያስታውቃል። ቁጥር ሲጣመም አያስታውቅም። የተጣመመው ቁጥር ተደምሮ፣ ተከፍሎ፣ በመቶኛ ተጽፎ፣ ነገ ለልጆቻችን የሚሰጠውን መድኃኒት ይወስናል። ስለዚህ የዚያች ልጅ የሥራ ውል የእሷና የአሠሪዋ የግል ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ የሁላችንም ነው።

ነገሩን ከራሳችን ክልል በአንድ ምሳሌ ልጀምር። በ1998 ዓ.ም. በምሥራቅ ጎጃም ጎንቻ ሲሶ እነሴ ወረዳ የትራኮማን በሽታ ለመቀነስ አዚትሮማይሲን የተባለውን መድኃኒት ለኅብረተሰቡ በጅምላ የመስጠት ጥናት ተጀመረ። ጥናቱ ስለ ዓይን ነበር። ነገር ግን በየጎጡ እየዞሩ ሰው የሚቆጥሩ ሠራተኞች ነበሩ፤ የትኛው ቤት ስንት ልጅ አለ፣ ከባለፈው ቆጠራ ወዲህ የትኛው ልጅ የለም ብለው ይመዘግቡ ነበር። ከዚያ መዝገብ ያልታሰበ ነገር ወጣ፤ መድኃኒቱን ባገኙት አካባቢዎች የልጆች ሞት ካላገኙት ጋር ሲነጻጸር በግማሽ ገደማ ዝቅ ብሎ ተገኘ። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2009 በአሜሪካ የሕክምና ማኅበር መጽሔት ላይ ታተመ። ያንን ተከትሎ በኒጀር፣ በማላዊና በታንዛኒያ እጅግ ሰፊ ጥናት ተካሂዶ የሕፃናት ሞት በ13.5 በመቶ መቀነሱ እ.ኤ.አ. በ2018 ይፋ ሆነ። ከሁለት ዓመት በኋላም የዓለም ጤና ድርጅት የሕፃናት ሞት በበረታባቸው አካባቢዎች ይህንን ሕክምና የሚመለከት መመሪያ አወጣ።

ይህ ሁሉ ሲጀመር አንድ ሰው ጎጃም ውስጥ አንድ በር አንኳኩቶ «ስንት ልጅ አለዎት?» ብሎ ጠይቋል። መልሱን በትክክል ጽፏል። ያ ሰው ደክሞት ዛፍ ሥር ቁጭ ብሎ የመሰለውን ቢሞላ ኖሮ፣ ከላይ ያለው ሁሉ ወይ አይገኝም፣ ወይ ደግሞ ውሸት ሆኖ ይገኛል።

ዛፍ ሥር መሙላት ስል የማላውቀውን እያወራሁ አይደለም። ወጣት ሳለሁ እኔም መረጃ ሰብሳቢ ነበርኩ። የድርጅቱን ስም ልተወው። ከሐራ ወደ ቆላው በሚወርዱ ቀበሌዎች የሕፃናትን ጤና የሚከታተል ጥናት ነበር። በቀን የተወሰነ ቤት መዳረስ ግዴታ ነው፤ «ኮታ» እንለው ነበር። ቤት ለቤቱ አንድ ሰዓት ይራራቅ፣ ወንዝ ይሙላ፣ ሙቀት ይሁን፣ ኮታው አይለወጥም። ማታ ማታ ሱፐርቫይዘሩ ይደውላል። «ስንት ሞላህ?» ነው የሚለው። «ምን አጋጠመህ?» ብሎ ጠይቆ አያውቅም። ያላሟላ አበሉ ይቆረጣል፤ ሁለት ጊዜ የደገመ በሚቀጥለው ዙር አይጠራም።

አንድ ቀን የሙቀት መለኪያዬ ባትሪ አለቀ። ቀኑ አልመሸም፣ የቀሩኝ ሦስት ቤቶች ነበሩ። ለሱፐርቫይዘሩ ብደውል የሚለውን አውቀዋለሁ፤ ከዚያ በፊት አንድ ጓደኛዬ መለኪያው ተሰብሮበት ሲናገር ዋጋው ከአበሉ ላይ ተቆርጧል። ስለዚህ በሦስቱም ቤት እጄን የልጁ ግንባር ላይ አድርጌ ቁጥር ጻፍኩ። በሦስተኛው ቤት ልጁ ትንሽ ሞቅ ብሎኝ ነበር። 36.8 ብዬ ጻፍኩ። ትክክለኛ የሚመስል ቁጥር ነበር፤ ለዚህም ነው የመረጥኩት።

በሳምንቱ በዚያ ቤት ደጃፍ ሳልፍ እናትየው ጠርታ ቡና አጠጣችኝ። ያን ዕለት ማታ ልጁን አተኩሶት ሌሊቱን ስታቅፈው እንዳደረች፣ በማግሥቱ ጤና ጣቢያ ወስዳው እንደተሻለው በደስታ ነገረችኝ። «አንተ ባየኸው ቀን እኮ ነው!» አለችኝ። ልጁ ድኗል። ቁጥሩ ግን ወረቀቱ ላይ እንዳለ ቀርቷል፤ ከሌሎች ቁጥሮች ጋር ተደምሮም ሄዷል። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ይህን አልክድም። ዛሬ ሳስበው ግን፣ ያ ድርጅት እውነቱን የተናገረን የሚቀጣ፣ ዋሽቶ ያሟላን የሚሸልም ቤት ነበር። እንዲህ ያለ ቤት ውስጥ ጨዋ ሰውም ውሎ አድሮ ይለምደዋል።

ይህ የድሀ አገር ችግር ብቻ የሚመስለው አንባቢ ካለ ወደ አሜሪካ እንሻገር። እዚያ ትልልቅ መድኃኒት አምራቾች ሙከራቸውን ሁሉ ራሳቸው አያካሂዱም፤ የምርምር ሥራን በኮንትራት ለሚወስዱ ኩባንያዎች ያካፍላሉ። ቴክሳስ ውስጥ ቬንታቪያ የሚባል እንዲህ ያለ ኩባንያ አለ። በፋይዘር የኮቪድ ክትባት ሙከራ ከተሳተፉት 44,000 ገደማ ሰዎች ውስጥ ከ1,000 በላይ የሚሆኑት በዚህ ኩባንያ ጣቢያዎች የተመዘገቡ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2020 ብሩክ ጃክሰን የተባለች የኩባንያው የአካባቢ ኃላፊ፣ ክትባት ሰጪዎቹ በቂ ሥልጠና አላገኙም፣ የተሳታፊዎች ክትትል ይዘገያል፣ የተዛባ መረጃም አለ ስትል ለአለቆቿ አመለከተች። በመጨረሻም ለአገሪቱ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ጻፈች። በዚያው ቀን ከሥራ ተባረረች። የብሪታኒያው የሕክምና መጽሔት ቢኤምጄ ጉዳዩን ይፋ ያደረገው ከአንድ ዓመት በላይ ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. በኅዳር 2021 ነው።

ነገሩን ሳላጋንን ላስቀምጠው። ይህ የእሷ ክስ ነው። ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት በሙከራው መረጃ ላይ ሙሉ እምነት እንዳለው አስታውቋል፤ የመሠረተችውንም ክስ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2023 ውድቅ አድርጎታል። ክትባቱ አይሠራም የሚል ወሬ ፍለጋ ይህን ታሪክ የሚያነሳ ሰው የተሳሳተ በር እያንኳኳ ነው። እኔን የሳበኝ ሌላ ነው። ከቀረቡት አቤቱታዎች አንዱ፣ ምልክት ታየብን ብለው ሪፖርት ያደረጉ ተሳታፊዎችን ሁሉ ናሙና ለመውሰድ ሠራተኛ አልበቃም የሚል ነበር። የሰው ኃይል ማነስ የአስተዳደር ጉዳይ ይመስላል። ናሙና ያልተወሰደለት ሰው ግን በሳይንሱ ዓይን በሽታው እንዳልያዘው ሊቆጠር ይችላል። የሠራተኛ ጉዳይና የሳይንስ ጉዳይ እዚህ ላይ አንድ ሆነ። ሌላው ነገር ደግሞ፣ ከ153ቱ የሙከራ ጣቢያዎች ተቆጣጣሪው ሄዶ ያያቸው ዘጠኝ ብቻ መሆናቸው ነው። በዘጠኝ ዓይን 153 ቤት አይጠበቅም። የሚጠብቀው እዚያው ውስጥ ያለው ሠራተኛ ነው፤ እሱም መናገር ከቻለ።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ አብዛኛው የክሊኒካል ምርምር የሚካሄደው በዩኒቨርሲቲዎችና በመንግሥት ኢንስቲትዩቶች ከውጭ አጋሮች ጋር ነው። ከእነዚህ አንዱ በአለርት ግቢ ያለው አርማወር ሃንሰን የምርምር ኢንስቲትዩት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1970 ነው የተመሠረተው። ስሙ የተወሰደው የሥጋ ደዌን ባክቴሪያ ካገኘው ኖርዌያዊ ሐኪም ነው። ይህ ታላቅ ሰው እ.ኤ.አ. በ1879 አንዲት ታካሚን ሳያስፈቅድ የሌላ ሕመምተኛ ናሙና ዓይኗ ላይ ለማስገባት ሞክሮ፣ በተከታዩ ዓመት በርገን ውስጥ ፍርድ ቤት ቀርቦ ከሆስፒታሉ ኃላፊነቱ ተነስቷል። ታላቅ ሳይንቲስትም ከልካይ ያስፈልገዋል ማለት ነው። ዛሬ ያ ከልካይ የስምምነት ቅጹ ነው።

ታዲያ ቅጹን በሐብሩ ገጠር የሚያስፈርመው ማነው? ዋናው ተመራማሪ አይደለም። ያቺ ነርስ ናት። ወሎ ውስጥ ደግሞ ሰው ቤት ገብቶ ወረቀት አውጥቶ «ይፈርሙ» ማለት አይሆንም። ቁጭ ይባላል፣ ቡናው ይፈላል፣ ማን እንደላከሽ፣ የማን ልጅ እንደሆንሽ ይጠየቃል። «መንግሥት ነው የላካችሁ? እርዳታ ነው?» ይባላል። «አይደለም እናቴ፣ ጥናት ነው፤ ባይፈልጉ መተው ይችላሉ፣ የሚቀርብዎት ነገር የለም» ብሎ ማስረዳት፣ ሴትዮዋም በእውነት «እምቢ» ማለት እንደምትችል እስኪገባት መጠበቅ ጊዜ ይፈልጋል። በቅጽ ብዛት የሚከፈላት ሠራተኛ ያን ጊዜ ከኪሷ ነው የምታወጣው። ስለዚህ ታሳጥረዋለች። ፊርማው ይገኛል፣ ስምምነቱ ግን አይገኝም።

ሕጉስ ምን ይላል? የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለአንድ ለተወሰነ ሥራ በጊዜ የተገደበ ውል መግባትን ይፈቅዳል፤ የሦስት ወር ኮንትራት በራሱ ሕገ ወጥ አይደለም። ነገር ግን ውሉ አጭር ስለሆነ መብቱ ያጥራል አይልም። መደበኛው የሥራ ሰዓት በቀን 8፣ በሳምንት 48 ነው። ውሉ በጽሑፍ ካልተደረገ አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ የውሉን ዝርዝር በጽሑፍ ፈርሞ መስጠት አለበት። በሥራ ላይ ለሚደርስ ጉዳት አሠሪው ጥፋት ባይኖርበት እንኳ ኃላፊ ነው። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ቋሚ ሠራተኛ በሌላ አዋጅ ይተዳደራል። በአበል ብቻ የሚሠራው መረጃ ሰብሳቢ ግን በተግባር የሁለቱም ሳይሆን መሀል ላይ ይንጠለጠላል፤ «ሠራተኛ አይደለህም፣ አበል ተቀባይ ነህ» ይባላል።

አንድ ነገር ሁልጊዜ ይገርመኛል። የአዲስ መድኃኒት ሙከራ ለማካሄድ ከኢትዮጵያ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ፈቃድ ሲጠየቅ፣ ለተሳታፊዎቹ የመድን ዋስትና መገባቱ ይጠየቃል። ተገቢ ነው፣ እሰየው። መድኃኒቱን በብርድ ሳጥን ይዞ፣ በሞተር ሳይክል፣ ፀጥታው ባልረጋ መንገድ የሚሄደው ልጅስ? ስለ እሱ አጥብቆ የሚጠይቅ የለም። ሰሜን ወሎ ባለፉት ዓመታት ያየውን የሚያውቅ ሰው ይህ ቀላል ጥያቄ እንዳልሆነ ይረዳል። ከመርሳ ወልድያ መሄድ እንኳ «ዛሬ መንገዱ እንዴት ነው?» ተብሎ ተጠይቆ የሚወሰንበት ጊዜ አልፏል፤ እንዲህ ባለ ቀን «ዛሬ አልወጣም» ማለት የሚችለው፣ የቀረበት ቀን የማይቆረጥበት ሠራተኛ ብቻ ነው።

አስተዳዳሪዎቹን ብቻ መውቀስ ግን ፍርደ ገምድልነት ይሆናል። ሱፐርቫይዘሩን አስተባባሪው ይጫነዋል፤ አስተባባሪውን ዋናው ተመራማሪ፣ ዋናውን ተመራማሪ ደግሞ ገንዘብ ሰጪው። ገንዘቡ በዓመት ተከፋፍሎ ይመጣል፣ ሪፖርት ካልደረሰ ቀጣዩ አይለቀቅም። በጥር 2017 ዓ.ም. የአሜሪካ መንግሥት የውጭ እርዳታውን ሲያቋርጥ፣ ጤና ሚኒስቴር በዚያ ገንዘብ የቀጠራቸውን 5,000 ገደማ ባለሙያዎች ውል አቋርጧል። በሌሎች አገሮችም በመካሄድ ላይ የነበሩ ሙከራዎች ተሳታፊዎቻቸውን እንደያዙ ቆመዋል። ከላይ ያለው ሰው አንድ ፊርማ ሲያነሳ ታች ያለው ቤተሰብ ምሳው ይቀራል። ጭነቱ ከላይ ወደ ታች ይወርዳል፤ የመጨረሻው ተሸካሚ የሚያወርድበት ስለሌለው ወረቀቱ ላይ ያወርደዋል።

«እንደዚያ ከሆነ ጥናቱ ውድ ይሆናል፣ ገንዘቡም ወደ ሌላ አገር ይሄዳል» የሚሉ አሉ። ሥጋቱ ይገባኛል፤ ሥራ የሌለው ወጣት በሞላበት አገር የመጣ ሥራ ሲሸሽ ማየት ያማል። ነገር ግን ርካሽ ሆኖ የማይታመን ጥናት ለማን ይጠቅማል? ገንዘብ ሰጪውም የሚገዛው ቁጥሩን ነው። ቁጥሩ ካልታመነ የከፈለው ሁሉ ባክኗል።

መፍትሔው ደግሞ ከአቅም በላይ አይደለም። አንደኛ፣ የምርምር ሥነ ምግባር ኮሚቴዎች የተሳታፊውን ደኅንነት ሲመረምሩ የመስክ ሠራተኛውንም ውል አብረው ይዩ፤ ስንት ሰው፣ ስንት ሰዓት፣ በምን ክፍያ፣ በምን ዋስትና የሚሉት አራት ጥያቄዎች አንድ ገጽ አይሞሉም። ዓለም አቀፉ የመልካም ክሊኒካል አሠራር መመሪያም ተመራማሪው በቂና ብቁ ሠራተኛ እንዲኖረው ይጠይቃልና አዲስ ነገር አይሆንም። ሁለተኛ፣ ክፍያ ከቅጽ ብዛት ይላቀቅ፤ ለቀን ሥራ የቀን ክፍያ ይሁን፤ «ቤቱ ዝግ ነበር» የሚል እውነተኛ ሪፖርትም እንደ ሥራ ይቆጠር። ሦስተኛ፣ በወቅቱ የተነገረ ስህተት አያስቀጣ፤ የተደበቀ ስህተት ግን ያስጠይቅ። አራተኛ፣ ሠራተኛው ከሱፐርቫይዘሩ ውጪ የሚደውልበት አንድ ቁጥር ይኑር። ተሳታፊው በስምምነት ቅጹ ላይ እንዲህ ያለ ስልክ ይሰጠዋል፤ ለሠራተኛውም መስጠት አያቅትም።

በማግሥቱ ለልጅቷ ደወልኩላት። «አትፈርሚ» አላልኳትም። ሥራ ፈትታ የተቀመጠችን ልጅ አዲስ አበባ ቁጭ ብሎ «ይቅርብሽ» ማለት ቀላል ነው፤ እናቷን የማስታምመው እኔ አይደለሁም። «ከመፈረምሽ በፊት ሦስት ነገር በጽሑፍ ጠይቂ፤ የሥራ ሰዓትሽን፣ ብትጎጂ ማን እንደሚያሳክምሽን፣ መሣሪያ ቢበላሽ ለማን እንደምትነግሪና ዋጋው ከማን እንደሚቆረጥ። ብቻሽን አትጠይቂ፤ የተመረጣችሁት ሁሉ አብራችሁ ጠይቁ» አልኳት። ከዚያ የ36.8ን ታሪክ ነገርኳት። ለማንም ነግሬው አላውቅም ነበር።

ትንሽ ዝም አለች። «አብሽር ጋሼ፣ ልጁ ድኖ የለ?» አለችኝ።

ልጁስ ድኗል። በሦስተኛው ቀን መልሳ ደወለች። ተመራጮቹ ስምንት ሆነው ጠይቀዋል። ሁለቱ ተጽፎ ተሰጥቷቸዋል፤ ስለ ሕክምናው ግን «ከላይ እንጠይቃለን» ተብለዋል። ፈርማለች። የሕክምናው መልስ በጽሑፍ እስኪመጣ ግን ማንኛቸውም ወደ ቆላው ቀበሌ ላይወርዱ ተስማምተዋል።